ጥቁር ድብ አደን፦ ማባበያ ላስቀምጥ ወይስ በእግሬ ላድባ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ዘንድሮ የጥቁር ድብ ዕጣ ወጥቶልኛል፤ ፈቃዱ ለሰሜን ሚኒሶታ ነው። አጋዘን አድኜ አውቃለሁ፣ ድብ ግን በአካል አይቼም አላውቅ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማባበያ ምግብ አስቀምጠህ ዛፍ ላይ ጠብቀው ይለኛል። ኮሎራዶ ያለው የሚስቴ ወንድም ደግሞ ‹እሱ አደን አይባልም፤ እኔ ጋ ናና በእግርህ ፈልገህ፣ አድብተህ ተኩስ› ይላል። እርስዎ የቱን ይመክሩኛል? ሥጋውንስ ምን ላድርገው?»

ወንድሜ፣ እንኳን ዕጣው ወጣልህ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሰሜን ሚኒሶታ ከሆነ ማባበያ። ኮሎራዶ ከሆነ በእግር። ባልደረባህም የሚስትህ ወንድምም ልክ ናቸው፣ ግን ሁለቱም የሚነግሩህ እነሱ የሚያውቁትን መሬት ነው። ምርጫውን የሚወስኑት መሬቱ፣ ሕጉና በዚያ ዓመት ጫካው ያፈራው ፍሬ ናቸው። እነዚህን ካየህ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ቃታውን ከመሳብህ በፊት ፊትህ ያለው ድብ ወንድ ይሁን እንስት፣ ደቦል ያላት ትሁን አትሁን፣ ረጋ ብለህ የምትለይበት ጊዜ ታገኛለህ ወይ? እኔ አዲስ አዳኞችን ሳሠለጥን ሁሌም የምጀምረው ከዚህ ነው።

የሕጉን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ኮሎራዶ ውስጥ ለድብ ማባበያ ማስቀመጥ ክልክል ነው። በ1992 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የፀደይ አደኑን፣ ማባበያውንና በውሻ ማሳደዱን አንድ ላይ ከለከለ። ኦሪገን በ1994፣ ዋሽንግተን በ1996 በተመሳሳይ የሕዝብ ድምፅ ማባበያን አገዱ። ሜይን ላይ ግን በ2004ም በ2014ም ጥያቄው ለሕዝብ ቀርቦ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ «ይቀጥል» አለ። ሚኒሶታ ማባበያ ይፈቅዳል፣ ድብን በውሻ ማሳደድ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ የሚስትህ ወንድም ያደገበት የአደን ባህል ከ30 ዓመት በላይ ያለማባበያ የኖረ ነው። «እሱ አደን አይባልም» ቢል አልፈርድበትም። ግን ያንን ፍርድ ይዞ ሰሜን ሚኒሶታ ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ሲንከራተት ውሎ የድብ ጭራ ሳያይ ይመለሳል።

ለምን? መሬቱን አስበው። ከግራንድ ራፒድስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢሊና ወደ ኦር ስትሄድ መሬቱ ሜዳ ነው። ረግረግ አለ፣ ጥቅጥቅ ያለ የአስፐንና የጥድ ጫካ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የሃዘልነት ቁጥቋጦ እስከ ደረት ድረስ ሞልቶታል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቅጠሉ ገና አልረገፈም። ከ30 ሜትር በላይ የምታይበት ቦታ ብርቅ ነው። ወጥተህ ወደ ታች የምትቃኝበት ተራራ የለም። ድቡ ደግሞ የማሽተት ችሎታው ከአንተ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ጆሮውም ስል ነው። ደረቅ ቅጠል እየረገጥክ ስትጠጋ እሱ ቀድሞ ሰምቶህ ይሄዳል፤ አንተ እዚያ እንደነበረም አታውቅም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ብታገኘውም እንኳን የምታገኘው በድንገት ነው። ከቁጥቋጦ ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል፣ ለሁለት ሰከንድ። ደቦሎቿ ከኋላዋ ይኑሩ አይኑሩ የምታይበት መንገድ የለህም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ለጀማሪ «በእግርህ ሂድ» ማለት አልችልም።

አሁን ስለ ድቡ ሆድ እናውራ፤ የመጸው መጀመሪያ አደን በሙሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነው። ጥቁር ድብ ክረምቱን ጎሬው ውስጥ የሚያሳልፈው ሳይበላ ሳይጠጣ ነው። ለዚያ ስብ የሚሰበስበው በነሐሴና በመስከረም ነው። በዚህ ወቅት በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊበላ ይችላል፣ እስከ 20,000 ካሎሪ ድረስ። ሚኒሶታ ላይ ብዙዎቹ ከጥቅምት ጀምሮ ጎሬ መግባት ይጀምራሉ። ስለዚህ አንተ ጫካ በምትገባበት ሳምንት ድቡ የሚያስበው ምግብ ብቻ ነው። ማባበያም የሚሠራው፣ በእግር አድብቶ ማደንም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዱ ምግብ ወደ ድቡ ያመጣል፣ ሌላው ድቡ የሚበላበትን ቦታ ፈልጎ ያገኛል።

ብዙ ሰው የማይገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማባበያ ድቡን በግድ አይጎትተውም። ዓመቱ ጥጋብ ከሆነ፣ ማለት ሃዘልነቱ፣ የኦክ ፍሬው፣ የዱር ቼሪውና የዶግዉድ ፍሬው በደንብ ከያዘ፣ ድቡ የአንተን የደረቀ ዶናት ዞር ብሎ አያየውም። ሚኒሶታ ላይ በዓመቱ የሚገደለው የድብ ቁጥር ከፍና ዝቅ የሚለው በአብዛኛው በዚህ ነው። ፍሬ ሲጠፋ ድቦች ወደ ማባበያ ይጎርፋሉ፣ እናቶችም ጭምር። ስለዚህ ማንም ሰው «በማባበያ ማደን ሱቅ ገብቶ እንደመግዛት ነው» ቢልህ፣ በጥጋብ ዓመት ማማ ላይ ተቀምጦ ስኩዊረል ሲቆጥር የዋለ ሰው እንዳልሆነ እወቅ። አንተም ነሐሴ ላይ ማባበያህን ልታስቀምጥ ስትሄድ ቁጥቋጦውን እየገለጥክ ሃዘልነቱ መያዝ አለመያዙን እይ። ከያዘ፣ ማባበያህን ፍሬው ካለበት ጥግ አስጠጋው። ድቡ ወደ ፍሬው ሲሄድ መንገዱ ላይ ይሁን፤ ከፍሬው አስወጥተህ ሩቅ ልትወስደው አትሞክር።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚኒሶታ የድብ አደን የሚከፈተው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 1 ገደማ ነው፣ በእኛ ነሐሴ 26። ማባበያ ማስቀመጥ የሚፈቀደው ከዚያ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፣ በኦገስት አጋማሽ ነው። ትክክለኛውን ቀን ከዘንድሮው የአደን ደንብ መጽሐፍ ላይ እይ፤ በየዓመቱ ትንሽ ይንሸራተታል። የማባበያህን ቦታ በተፈጥሮ ሀብት መምሪያው፣ ሁሉም ዲኤንአር በሚለው፣ ማስመዝገብ አለብህ። ቦታው ላይም ማንነትህን የሚገልጽ ምልክት ትሰቅላለህ። ይህን ችላ አትበል። ጥበቃዎቹ በዚህ ወቅት ጫካ ውስጥ ናቸው፣ ደግሞም ልክ ናቸው።

ምን ይቀመጣል? የደረቀ ዳቦና ኬክ፣ አጃ፣ ኦቾሎኒ፣ ሞላሰስ፣ ያገለገለ የምግብ ዘይት። የዘይቱ ሽታ ሩቅ ይሄዳል፤ ድቡ በመዳፉ ረግጦት ሲሄድም ሽታውን በመንገዱ ሁሉ እያዳረሰ ለሌሎቹ ድቦች ይነግርልሃል። ምን አይቀመጥም? የሚኒሶታ ሕግ አጥንት ይከለክላል፣ አጥንት ያለበት ሥጋም እንዲሁ። የአሳማ ሥጋ ጨው ገብቶበት ወይም ታጥኖ የተዘጋጀ ካልሆነ አይፈቀድም። ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ቶሎ የማይበሰብስ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ኬኩን ከነፌስታሉ የሚወረውር ሰው አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። ቸኮሌትን ደግሞ ሕግ ከለከለም አልከለከለም አንተ አታስቀምጥ። ካካዎ ውስጥ ያለው ቲዮብሮሚን የሚባለው ነገር ለውሻ መርዝ እንደሆነ ሰምተህ ይሆናል፤ ለድብም እንደዚያው ነው። በ2014 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ አራት ጥቁር ድቦች ቸኮሌት የበዛበት ማባበያ አጠገብ ሞተው ተገኝተዋል።

ቦታ ስትመርጥ ከነፋሱ ጀምር። በአካባቢው አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ እወቅ። ማማህን ነፋሱ ከማባበያው ወደ አንተ በሚመጣበት በኩል ስቀል። ድቡ ግን ሞኝ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከመግባቱ በፊት ዞሮ ከነፋሱ በታች ሆኖ ያሸትታል። ስለዚህ ከማማህ ጀርባ ውኃ ወይም ሰፊ ረግረግ ካለ በጣም ጥሩ ነው፣ በዚያ በኩል ዞሮ መምጣት አይቀለውም። ለቀስት ከ15 እስከ 20 ሜትር፣ ለጠመንጃ እስከ 50 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትርቅ የማማው ጥቅም ይጠፋል። ማማ ላይ ስትወጣ የደህንነት ማሰሪያውን ከመሬት ጀምረህ እሰር። ሰው የሚጎዳው ከድብ ይልቅ ከዛፍ በመውደቅ ነው፤ ይህን እንደ ቀላል አትየው።

ማባበያውን ስትሞላ በየጊዜው በተመሳሳይ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን ሂድ። ድቡ የአንተን ኮቴ ይሰማል፣ ሽታህንም ያውቀዋል፣ አንተ ከሄድክ በኋላ መምጣትን ይለምዳል። በማታ ከሄድክ እሱም ሌሊት ብቻ መምጣትን ይማራል፣ ያኔ ሕጋዊው የተኩስ ሰዓት ካለፈ በኋላ ማባበያው አጠገብ የሰቀልከው ካሜራ ያነሳውን የሌሊት ፎቶ እያየህ መቆጨት ነው። ከሴንት ፖል እየነዳህ በየሦስት በየአራት ቀኑ መመላለስ ቀላል አይደለም። የቤንዚኑን ወጪ፣ ከሥራ የምትወስደውን ፈቃድ፣ ከቤት የምትጠፋበትን ሰዓት አስቀድመህ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገርበት። እዚያው አካባቢ የሚኖር፣ ድካሙን የሚጋራህ የአደን ጓደኛ ብታገኝ ነገሩ በግማሽ ይቀላል።

አሁን ማማው ላይ ነህ። መሽቶ ሊጨልም ነው። ድብ መጣ። አትተኩስ። እዚህ ነው ማባበያ ዋጋውን የሚከፍልህ፣ ጊዜ ይሰጥሃል። እናት ድብ ደቦሎቿን ዛፍ ላይ አውጥታ ወይም ከኋላ አስቀርታ መጀመሪያ ብቻዋን የምትገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ደቦሎቹ የተወለዱት በጥር አካባቢ ጎሬ ውስጥ ነው፣ ሲወለዱ ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞሉም፣ ከእናታቸው ጋር የሚቆዩት ደግሞ እስከ ሁለተኛው ዓመት ፀደይ መጨረሻ ድረስ ነው። በዚህ መስከረም እናታቸውን ካጡ ጎሬ አመራረጥም ሆነ የመጀመሪያውን ክረምት ማሳለፍ ብቻቸውን ይወድቅባቸዋል። ኮሎራዶ ደቦል ያላትን እናት መግደል በሕግ ከልክሏል። አንተ ግን ሕግ እስኪያስገድድህ አትጠብቅ። ብቻውን የመሰለ ድብ ሲመጣ ደቂቃዎችን ስጠው። ወደ ኋላው ቶሎ ቶሎ የሚያይ ከሆነ፣ ዛፍ ላይ የሚቧጭር ድምፅ ከሰማህ፣ ጠመንጃው ጉልበትህ ላይ ይቆይ።

መጠኑን መገመት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጥቁር ድብ ጫካ ውስጥ ሁሌም ትልቅ ይመስላል። ጆሮውን እይ። ጆሮዎቹ ትልልቅ ሆነው ወደ ላይ ቀጥ ብለው ከታዩህ፣ እግሩም ረዘም ካለ፣ ልጅ ነው። ጆሮዎቹ ትንንሽ መስለው ወደ ራሱ ጎንና ጎን ከሸሹ፣ ሆዱ ወደ መሬት ከቀረበ፣ አካሄዱ ከባድ ከሆነ፣ ያ ትልቅ ነው። የወንዱ አንገትና ትከሻ ይወፍራል፣ አፈሙዙ ሰፋ ይላል፤ የእንስቷ ፊት ጠበብ ይላል። ማባበያን በበርሜል ማስቀመጥ በሚፈቀድበት ስቴት ደግሞ ባለ 55 ጋሎኑ በርሜል ጥሩ መለኪያ ነው። ቁመቱ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በአራት እግሩ ቆሞ ጀርባው ወደ በርሜሉ አፍ የሚጠጋ ድብ ትልቅ ነው። በርሜል ከሌለህ አንድ ግንድ ለክተህ ምልክት አድርግበት።

ሌላ የምለምንህ ነገር አለ። አንገቱ ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ ወይም ጆሮው ላይ ትልልቅ ባለቀለም ምልክት ያለው ድብ ካየህ እለፈው። የሚኒሶታ ተመራማሪዎች ከ1981 ጀምሮ ድቦችን እየተከታተሉ ነው፤ ዲኤንአርም እነዚህን እንዳትገድሉ ብሎ አዳኞችን ይጠይቃል። በዚያ ጥናት ውስጥ 56 የሚል ቁጥር የተሰጣት እንስት ነበረች። በ1981 በሰባት ዓመቷ ማሰሪያ ታሰረላት፣ በ2013 በእርጅና ሞተች፣ 39 ዓመት ተኩል ገደማ ሆኗት። በዱር ከኖሩ ጥቁር ድቦች ሁሉ ዕድሜዋ ረጅሙ ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያ ሁሉ ዓመት አዳኞች አይተዋት ያለፏት ይመስለኛል። ማባበያ ላይ የቀረበ ሰው ማሰሪያውን ማየት ይችላል፤ 200 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው በደንብ ካልቃኘ ላያየው ይችላል።

አሁን ወደ ኮሎራዶ እንሂድ፤ ምክንያቱም የሚስትህ ወንድም ግብዣ ጥሩ ግብዣ ነው፣ ለሌላ ዓመት አቆየው። እዚያ መሬቱ ራሱ ማማ ነው። ከሸለቆ ማዶ ቁጭ ብለህ በባይናኩላር ተቃራኒውን ተዳፋት ሙሉ ትቃኛለህ። በሴፕቴምበር ድቡ ያለው የጋምብል ኦክ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ የሰርቪስቤሪና የቾክቼሪ ፍሬ ያለበት ቦታ ነው። ፍሬ የሌለበትን ተዳፋት መቃኘት ጊዜ ማባከን ነው። ጀማሪዎች ብዙ የሚራመዱት ተራራው ስለሚያምር ነው፤ ልምድ ያላቸው ግን አንድ ጥሩ ቦታ ላይ ሰዓታት ይቀመጣሉ። ማለዳና ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሦስት ሰዓት ያህል ሲቀረው ጀምረህ ቃኝ። እዚያ «ጥቁር ድብ» ተብሎ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ቡናማ ወይም የቀረፋ መልክ ነው፤ ደረቅ ሣር መሀል የድንጋይ ጥላ ይመስላል። የሚንቀሳቀሰውን ጥላ ፈልግ።

ካየኸው በኋላ አትሩጥ። መጀመሪያ ተቀምጠህ ምን እያደረገ እንደሆነ እይ። እየበላ ከሆነ ጊዜ አለህ፣ ፍሬው ላይ ረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እየሄደ ከሆነ ተወው፤ በመሄድ ላይ ያለን ድብ በተራራ ላይ በእግር የሚደርስበት ሰው የለም። ደቦል ካለ የምታየውም አሁን ነው፣ ከሩቅ፣ በእርጋታ። ከዚያ ነፋሱን አስላ። ጠዋት ፀሐይ ተዳፋቱን ካሞቀች በኋላ አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ስለዚህ ከላይ ወርደህ ተጠጋ። ማታ ሲቀዘቅዝ አየሩ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ያኔ ከታች። በመሀሉ ነፋሱ የሚዞርበት ግማሽ ሰዓት አለ፤ በዚያን ጊዜ አትንቀሳቀስ። ትንሽ ዱቄት በጠርሙስ ይዘህ በየጥቂት ደቂቃው ብን አድርገህ እይ። የድቡ ዓይን ሰዎች እንደሚሉት ደካማ አይደለም፣ እንቅስቃሴ ያያል፤ ራሱን ወደ ፍሬው ሲደፋ ተራመድ፣ ቀና ሲል ቁም።

በእግር የሚደረገው አደን ከባዱ ክፍል ተኩሱ ነው። ማባበያ ላይ ድቡ ቅርብና የቆመ ነው። ተራራ ላይ ግን ልብህ እየመታ፣ ተኝተህ ወይም ድንጋይ ተደግፈህ፣ 150 ወይም 200 ሜትር ላይ ትተኩሳለህ። ስለዚህ ተኩስ ሜዳ ሄደህ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ሳይሆን ከምትተኩስበት አቀማመጥ ተለማመድ። በዚያ አቀማመጥ ጥይቶችህ ሁሉ የምሳ ሳህን በሚያህል ክብ ውስጥ የሚያርፉበት ርቀት፣ ያ ነው የአንተ ርቀት። ከዚያ ካለፈ ተጠጋ፣ ካልቻልክ ተወው። ወደ አይዳሆ፣ ሞንታና ወይም ዋዮሚንግ ከሄድክ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፣ እዚያ ግሪዝሊ የሚባል ሌላ ዓይነት ድብ አለ፣ እሱን መግደል ከባድ ወንጀል ነው። ሞንታና ለጥቁር ድብ ፈቃድ መጀመሪያ ድብ የመለየት ፈተና ታስፈትናለች። ኮሎራዶ ላይ የመጨረሻው ግሪዝሊ የተገደለው በ1979 ነው፣ ስለዚህ ይሄ ጭንቀት የለብህም።

«እሱ አደን አይባልም» ወደሚለው ልመለስ፤ ቀልድ አይደለምና። ማባበያን የሚቃወሙ ሰዎች ቁም ነገር አላቸው። በሰሜን ዊስኮንሰን የተገደሉ ድቦች ላይ የተሠራ ጥናት ከምግባቸው ከ40 በመቶ በላይ የአዳኞች ማባበያ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዱር የሚኖር እንስሳ የሰው ኬክ ላይ ሲያድግ ማየት እኔንም ደስ አይለኝም። ለዚህ ነው ብዛት ያለው ማባበያ ለወራት ማፍሰስን የምቃወመው፤ ሕጉ ከሚፈቅደው ቀን ጀምሮ፣ በልክ፣ አደኑ ሲያልቅም ቦታውን አጽድቶ መመለስ። በሌላ በኩል ግን አዳኙ የሚያየውን ሳያውቅ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚተኩስበትን፣ የቆሰለ ድብ ረግረግ ውስጥ የሚጠፋበትን አደን «ንጹሕ» ብዬ ልጠራው አልችልም። ሚኒሶታ ላይ በደንብ የተሠራ ማባበያ እናቶችን ከሞት ያተርፋል፣ አንድ ጥይት በትክክለኛው ቦታ እንዲያርፍ ያደርጋል። ሰውዬው ደክሞ ስለመጣ ብቻ ድቡ ላይ የሚደርሰው ነገር አይቀልም።

ጥይቱ የት ይረፍ? በሁለቱም ዘዴ አንድ ነው። ድቡ ጎኑን እስኪሰጥህ ወይም ትንሽ ፊቱን ወደ ወዲያ አዙሮ እስኪቆም ጠብቅ። በአንተ በኩል ያለው የፊት እግሩ ወደ ፊት ሲራመድ፣ ከብብቱ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብለህ አልም። ጸጉሩ ከሆዱ በታች ስለሚንጠለጠል ደረቱ ከሚታይህ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ብለህ እንዳትተኩስ። ፊት ለፊት አትተኩስ፣ ራሱን አትተኩስ። .308 ወይም .30-06 የሚባለው የጠመንጃ ዓይነት ከጥሩ ጥይት ጋር ከበቂ በላይ ነው። ከተኮስክ በኋላ ወዲያው አትውረድ። የድብ ስብ ቁስሉን ይደፍነዋል፣ ጸጉሩ ደሙን ይመጠዋል፣ ስለዚህ የደም ዱካው ከአጋዘን ይልቅ ቀጭን ነው። የት ቆሞ እንደነበር፣ የትኛው ዛፍ አጠገብ እንደጠፋ በዓይንህ ያዝ። ብቻህን በጨለማ አትከተል፣ ጓደኛህን ጥራ፣ ጥሩ ባትሪ ያዙ።

ሥጋው። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሰሜን ሚኒሶታም ይሞቃል። ስቡና ጸጉሩ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ሆድ ዕቃውን ወዲያው አውጣ፣ ቆዳውን ቶሎ ግፈፍ፣ በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ መኪናህ ውስጥ ከጠዋቱ ጀምሮ ይኑር። በእግር ስታድን ደግሞ ይህን ሁሉ ተራራ ላይ ሠርተህ፣ ከባዱን ሥጋ በጀርባህ ተሸክመህ ትወርዳለህ። ከመንገድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቅክ ከመተኮስህ በፊት አስበው።

ይህን ደግሞ ለእኛ ሰው ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። የድብ ሥጋ ጥሬው አይነካም። ክትፎ አይታሰብም፣ ለብለብም አይታሰብም። ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሥጋው ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ በዓይን አይታይም። በሰሜን ያለው ዝርያ ደግሞ ማቀዝቀዣ አይገድለውም። በ2022 ሳውዝ ዳኮታ ላይ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ከካናዳ፣ ከሰሜን ሳስካቼዋን የመጣ የድብ ሥጋ በፍም ጠብሶ በላ። ሥጋው 45 ቀን በረዶ ቤት ቆይቶ ነበር። ጠቆር ያለ ስለነበር መብሰል አለመብሰሉ አልታወቀም። ስድስት ሰዎች ታመሙ፣ ከነሱ ሁለቱ ሥጋውን ያልነኩ፣ አብሮ የተጠበሰውን አትክልት ብቻ የበሉ ነበሩ። ስለዚህ የምግብ ቴርሞሜትር ግዛ። መሀሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በእነሱ 160 ፋረንሃይት መድረስ አለበት። እኔ ወጥ እንድትሠሩት ነው የምመክረው፣ ሽንኩርቱ በደንብ በስሎ፣ በርበሬው ገብቶ፣ ሥጋው ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ። ቢላዋና መክተፊያውን ለሰላጣው አትጠቀሙበት።

ቤትህ የሚበሉትና የማይበሉት እንዳሉም አስብ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ እንስሳ እንደማይበላ ታውቃለህ። ሙስሊም ወዳጆችህም ክራንቻ ያለውን አውሬ አይበሉም። የሚበላ ሥጋን መጣል ሚኒሶታም ኮሎራዶም በሕግ ያስጠይቃል፣ ኮሎራዶ የድብን ሥጋ ለሰው ምግብነት ማዘጋጀት ግዴታ አድርጋለች። ስለዚህ ሥጋው ማን ጋ እንደሚሄድ ከመተኮስህ በፊት እወቅ። ባልደረባህ ይወስደው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቀው። የሚበላው ሰው ካላገኘህ ፈቃድህን ይዘህ ማማ ላይ ወጥተህ ድቡን ተመልክተህ ተመለስ፣ አትተኩስ።

ወረቀቱን ላስታውስህና ልጨርስ። ሚኒሶታ ላይ ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው ፈቃድ ለመግዛት የጦር መሣሪያ ደህንነት ሥልጠና ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ አጋዘን ስላደንክ ይኖርሃል ብዬ እገምታለሁ። አብሮህ የሚመጣ ጓደኛ ግሪን ካርድ ከሌለውና በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ከሆነ፣ ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ፣ የፌዴራል ሕጉ ጠባብ ነው። ድቡን ከገደልክ በ48 ሰዓት ውስጥ ታስመዘግባለህ፣ ጥርስም ትሰጣለህ። ተመራማሪዎቹ ዕድሜውን የሚያውቁት ጥርሱን ሰንጥቀው እንደ ዛፍ ቀለበት በመቁጠር ነው፣ የቀጣዩ ዓመት የፈቃድ ብዛት ሲወሰንም ያ መረጃ ይገባበታል። የፈቃድህን ክልል ቁጥር ጻፍልኝና የትኛው ጥግ ሃዘልነት እንደሚበዛበት፣ የትኛው ደግሞ ኦክ እንዳለው እነግርሃለሁ።